ከግንቡ ሥር ያለው ጉድጓድ

የውሃ መርማሪዋ ቱቦውን ወደ ጠባቡ መመርመሪያ ጉድጓድ ልትሰድ ስትል፣ የመሥሪያ ቤቷ ሾፌር «ቆዪ ልጄ» ብሎ ከኪሱ ጨርቅ አወጣና ከጫፍ እስከ ጫፍ ወለወለላት።

ከግንቡ ማዶ አክስቷ ወንበር ላይ ቆመው፣ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። እናቷ ካረፈች ወዲህ እሷን ያሳደጉበት ቤት ከድሮው የሞተር ፋብሪካ ጋር ግንብ ይጋራል። ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ ዘይትና ነዳጅ የጠጣው አፈር ተቆፍሮ ተወስዷል፤ ከሥሩ ያለው ውሃም እየተሳበ ሲጣራ ከርሟል። ሌሎቹ ጉድጓዶች ሁሉ ጠርተዋል፤ ይሄኛው ብቻ እንቢ አለ። ዛሬም ቤንዚን ከተገኘበት ግንቡን ተጠግተው ያሉ ቤቶች ይነሳሉ ተብሏል። አክስቷም ይህን ከሰሙ ወዲህ የቤቱን ፎቶዎች ሁሉ ከነሚስማራቸው ከግድግዳው አውርደዋል።

«ቁርጡን ንገሪኝ» አሉ አክስቷ። «ሰው በተስፋ አይጎለትም።»

«ልቅዳው እስቲ፣ እትዬ።»

ቱቦውን ዝቅ ስታደርግ የቤንዚን ሽታ አፍንጫዋን መታት። ቱቦው ገና ጉድጓዱ ውስጥ አልገባም። ዞር ብላ ጨርቁን አየችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ጨርቅ የምንድን ነው?»

«የእጄ መጥረጊያ ነዋ፣ ጀነሬተሩ ላይ ቤንዚን ስሞላ። ቱቦው ንጹሕ ይሁን ብለሽ የለ? ሁሌም ወልውዬ አይደል የማቀብልሽ?»

ሌሎቹ ጉድጓዶች ዘንድ መብራት አለ፤ ጀነሬተር የሚነሳው እዚህ ጥግ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ያን ጊዜ ሁሉ ጀርባዋን ሰጥታ ጠርሙስ ስታዘጋጅ ነበር። ቅንድብ አበጃለሁ ብሎ ዓይን ማጥፋት ይሉሃል ይሄ ነው። ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ግን ቁጣውም ሳቁም አንድ ላይ መጣባት።

ሾፌሩን ከነጨርቁ ራቅ ብሎ እንዲቆም አደረገችው። ጓንቷን ቀየረች። ከታሸገበት ያልወጣ አዲስ ቱቦ ፈትታ፣ የቆየው ውሃ እስኪያልቅ ሳበችና ጠርሙሱን ሞላች። የነዳጅ ትነት መለኪያዋን አፉ ላይ ደቀነች። ሁልጊዜ እዚህ የሚጮኸው መለኪያ ዝም አለ። ተበላሽቶ ይሆን ብላ ሮጣ ጨርቁ ላይ ብትይዘው ጆሮዋን እስኪያማት ጮኸ። ወደ ጠርሙሱ ስትመልሰው አሁንም ዝም።

አፈሩ ላይ ቁጭ አለች።

«ምን አለሽ?» አሉ አክስቷ ድምፃቸው ተሰብሮ።

«ምንም አላለም፣ እትዬ። ላቦራቶሪ መሄዱ አይቀርም፤ ግን ውሃው ደህና ነው። ቤንዚኑ ከጋሼ ጨርቅ ነበር።»

አክስቷ ሾፌሩን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «አንተ ሰውዬ፣ ቤቴን በቡትቶ ልታፈርሰው ነበር?»

«እኔማ ለንጽሕናው ብዬ ነው፣ እሜቴ።»

«ንጽሕናህ ይቅርብን።»

ጭንቅላታቸው ከግንቡ ጀርባ ጠፋ። እሷ የጠርሙሱን ክዳን አጥብቃ ላቦራቶሪ በሚሄደው ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው።

ጥቂት ቆይቶ ከቤቱ ውስጥ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ መጣ። ሾፌሩ ደንግጦ ዞረ። እሷ ግን ገብቷታል፤ አክስቷ ፎቶዎቹን ሊመልሱ ግድግዳው ላይ ሚስማር እየመቱ ነው።