የጠራው መስመር

ማን ነካው? ያን ሰኞ ጠዋት ብላዤና ራሷን የጠየቀችው ይህን ነው። ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ላይ መንቀል አቅቷታል። አርብ ሲዘጉት ደብዝዘው፣ ተጠጋግተው እንደ አንድ ይታዩ የነበሩት ሁለት የብርሃን መስመሮች ዛሬ ለየብቻቸው ቆመዋል። በመካከላቸው ጥርት ያለ ጥቁር ክፍተት አለ።

መደሰት ነበረባት። ዓመታት የደከመችበት ስፔክትሮሜትር ነው፤ የኮከብን ብርሃን ሰንጥቆ ቀለማቱን በቀጫጭን መስመር የሚዘረጋ መሣሪያ። ደስታው ግን እሺ አላላትም። አየሩ ተመጥጦ በወጣለት የብረት ሣጥን ውስጥ የተዘጋ ነገር በራሱ ጊዜ ይበላሻል እንጂ በራሱ ጊዜ አይሻሻልም።

በዚህ በቱርኖቭ ከተማ ወርክሾፕ የተዘጋ ሣጥን ለብቻ አይከፈትም። አንዱ ሲሠራ ሌላው ቆሞ እጁን ያያል። ለብቻው የከፈተ ሰው በዚያው ቀን ይሰናበታል። ደንቡን ያወጣችው ራሷ ብላዤና ናት፤ አንድ ሠራተኛ ለብቻው ከፍቶ፣ ብርሃኑን የሚሰነጥቀውን ባለ ጭረት መስታወት በጣቱ ከነካው በኋላ። ከዚያ መስታወት ላይ የጣት አሻራ አይጠረግም።

«ኦታካር» አለች ፊቷን ሳታዞር።

ኦታካር ሌንሶቹን የሠራው ሰው ነው። በመከር ወራት ጀርመን አገር ወዳለ ተፎካካሪ ድርጅት ሊሄድ ተዘጋጅቷል። ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ዳቦ እየገመጠ ነበር።

«አቤት፣ ኢንጂነር።»

«ቅዳሜና እሁድ የት ነበርክ?»

«አማቴ ቤት፣ ጣሪያ ላይ። ምነው፣ ናፈቅኩሽ?»

«ቀልዱን ተወው። ሣጥኑ ተከፍቷል።»

ተነሥቶ መጣና በትከሻዋ በኩል አጮለቀ። ማኘኩን አቆመ።

«እንዴ! ይሄ እኮ ጠርቷል!»

«አይቻለሁ።»

«ክረምቱን ሙሉ ‹ሌንስህ ነው ያደበዘዘው› ስትይኝ ከርመሽ፣ አሁን ሲጠራ ደግሞ ሌባ ልታደርጊኝ ነው?»

«ሌባ አላልኩም። ከመሄድህ በፊት ውስጡን አይተህ፣ ለክተህ መሄድ ፈልገህ ይሆናላ። በዚያውም ሌንስህን አቃናህ።»

ኦታካር ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«በምን ቁልፍ?»

ብላዤና አሁን ፊቷን ወደ እሱ አዞረች።

«አርብ ዕለት ‹ለሚሄድ ሰው ቁልፍ ምን ያደርግለታል› ብለሽ የተቀበልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ? እስኪ ቦርሳሽን እዪው።»

ማየት አላስፈለጋትም። ቁልፉ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ጫካ ለጫካ እንጉዳይ ስትለቅም አብሯት ዞሯል። ራሷ ጠርጥራ የነጠቀችው ቁልፍ ሰውዬውን ነጻ አወጣው። የእሷም ቁልፍ እዚያው ነው። ከሦስቱ ቁልፎች የሚቀረው አንድ ነው።

ራድካ እጅ መታጠቢያው አጠገብ ቆማ፣ የደረቀ እጇን እያደራረቀች ነበር። የብላዤና ልጅ ናት። መስመሮቹ የሚያርፉበትን የብርሃን መቀበያ ማስቀመጫ የነደፈችው እሷ ናት። ቅዳሜ ዕለት ጉሮሮዬን አሞኛል ብላ ገጠር ወዳለው ቤታቸው ሳትሄድ ከተማ ቀርታለች። ብላዤና ደግሞ ሁለቱንም ቀን «ሻይ ጠጣሽ? አንገትሽን ጠቀለልሽ?» እያለች ስትደውልላት ዋለች።

«ጉሮሮሽ ተሻለሽ?» አለቻት።

«እማዬ…»

ወርክሾፕ ውስጥ እማዬ ብላት አታውቅም።

«ምን ነካሽ?»

«ከመቀበያው ሥር ስስ ብረት አስገባሁ። ከፀጉር እምብዛም አይወፍርም። ጓንት አድርጌአለሁ፣ አፌንም ሸፍኛለሁ። ባለ ጭረቱ መስታወት ጋ አልደረስኩም።»

«ለምን?»

ራድካ መጀመሪያ ኦታካርን አየችው። «ሌንሱ ምንም አልሆነም። ሂሳቡ ነው። ፋብሪካው ሌንሱ የተሠራበት መስታወት ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያጥፍ የሰጠን ቁጥር አየር ባለበት የተለካ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ደግሞ አየር የለም። አንቺ ቁጥሩን እንዳለ ነው ያስገባሽው። ስለዚህ መስመሩ የሚጠራው መቀበያው ጋ ሳይደርስ ነበር።»

ብላዤና የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የምታስጠነቅቀው ይህንኑ ነበር።

«እና አትነግሪኝም?»

«ገና አፌን ስከፍት ‹የኦታካር ሌንስ ነው› ትያለሽ። ዛሬ ደግሞ እንግዶቹ ፈተናውን ሊያዩ ይመጣሉ። በእነሱ ፊት እንድታፍሪ አልፈለግሁም።»

«እኔ ምንም አልሰማሁም» አለ ኦታካር። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እነሱ የሚያዩት መስመሩን ነው። መስመሩ ደግሞ ጠርቷል። ተዪው በቃ፣ ልጅሽ እኮ ናት።»

ከታች የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። መሣሪያውን ያዘዙት የኮከብ መመልከቻ ጣቢያ ሰዎች ናቸው። ብላዤና የልጇን እጆች አየች። ቀጫጭን ናቸው፤ ጠንቃቃም ናቸው። አልነካሁም ካለች አልነካችም። ሆኖም ቆሞ ያያት ሰው የለም። ደግሞ ከአፍታ በፊት ለኦታካር ያዘጋጀችው የስንብት ቃል ገና ምላሷ ላይ ነበር፤ ለእሱ ሲሆን አልከበዳትም።

«ቁልፍሽን ስጪኝ» አለች። መዳፏን ዘረጋችላት።

ራድካ ቁልፉን ከቀለበቱ ለማውጣት ታገለች። ጥፍሯ አልይዝ አላት። ኦታካር ሊያግዛት እጁን ዘረጋ፤ ራሷን ነቀነቀችበት። ቁልፉን እናቷ መዳፍ ላይ ስታኖር ብላዤና ጣቶቿን አጥፋ እጇን ያዘቻት፤ ወዲያው ለቀቀቻት።

እንግዶቹ እየሳቁ፣ የመንገዱን ሙቀት እያማረሩ ገቡ። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ገና ከበሩ መስመሩን አይቶ «አቤት፣ እንዴት ያምራል!» አለ።

«ሣጥኑ ያለ ደንቡ ተከፍቷል» አለች ብላዤና። «የተሳሳተው የእኔ ሂሳብ ነው። ፈተናው እንደገና መጀመር አለበት።»

ራድካ ጃኬቷን ከመስቀያው አውርዳ፣ ሳትለብሰው፣ በእንግዶቹ መካከል «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለች አለፈች። እርምጃዋ ደረጃው ላይ ተሰማ።

ኦታካር ለእንግዶቹ ወንበር አቀረበ፤ ከዚያም መጥቶ ከብላዤና ጎን ቆመ። መከሩ ሲደርስም ጀርመን አልሄደም። የሄደችው ራድካ ናት።