በካልሲ የተሸፈነው መብራት

መንግሥት የአንድን ሰው ፋይል በከፈተ ቁጥር የቤቱ በር ላይ ቀይ መብራት እንዲበራ ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ በሰፈራችን ማንም ማንንም አያምንም። «የማን በራ?» ሲባል ይዋላል። ጎረቤት እንዳያይብኝ የእኛን በባሌ ካልሲ ሸፍኜዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ግን የመንደሩ መብራት ሁሉ አንድ ላይ በራ። ከመዝገብ ቤት ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን ጋሽ እንግዳወርቅ ጥርሳቸውን እየፋቁ ሳቁ።

«አትደንግጪ። አንዱ ጀማሪ ‹ዕድሜያቸው ስልሳ የሞላ› ብሎ ጠይቆ ነው። መዝገቡ የተደረደረው በልደት ዓመት ነው፤ ዕድሜ አልተጻፈበትም። ስለዚህ ማሽኑ የሁሉንም ፋይል አንድ በአንድ እየከፈተ ዕድሜ ያሰላል። በልደት ዓመት ቢጠይቅ ኖሮ በቀጥታ የሚፈለጉት ጋ ብቻ ይሄድ ነበር።»

ልቤ መለስ አለልኝ። ዞሬ ባሌን ሳየው ግን መሬት መሬቱን ያያል።

«ጋሼ፣ ማክሰኞ ዕለት የበራው የእኛ ብቻ ነበር» አልኳቸው፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «ካልሲው ውስጥ አይቼዋለሁ።»

መፋቂያውን ከአፋቸው አወጡ።

«የማክሰኞውን የጠየቀው ጀማሪ አይደለም» አሉኝ። «ማንን እንደሚፈልግ ያውቃል።»