የጀርባ ውሃ

«እጥፍ በይ» ይላታል ዶክተር ኢዘዲን ከጀርባዋ ሆኖ። «ጉልበትሽን ወደ ሆድሽ፣ አገጭሽን ወደ ደረትሽ። ጀርባሽ ይጉበጥልኝ።»

ጦቢያ በጎኗ እንደተኛች እጥፍ ትላለች። የደረቀ ማጅራቷን ስታጎነብሰው ራስ ምታቱ ዓይኗን ሊያወጣው ይደርሳል። ፊት ለፊቷ እናቷ ሸዋዬ ቆማ ጉልበቷን ይዛላታለች። ሐኪሙ ያዢያት ያላት እንዳትነቃነቅ ነው፤ እሷ ግን የያዘቻት፣ ሰው ሊነጥቃት የመጣ ይመስል ነው።

«ዶክተርዬ፣ በእናትህ… ሌላ መንገድ የለውም?»

«እናቴ፣ ተነጋገርን አይደል? ማጅራት ገትር መሆን አለመሆኑን የማውቀው ውሃውን ሳየው ነው። ልጅዎ ራሷ እሺ ብላለች። አይዞዎት።»

ከሦስቱ ሌላ ክፍሉ ውስጥ ማዕረግም አለ። ሆስፒታል ከገባች ጀምሮ ሟች ወንድሟ አልተለያትም። ዓይኗን በከደነች ቁጥር በቢጫ ቲሸርቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እንደዚያን ጊዜው ማጅራቱን ይዞ ታየዋለች። ታላቋ የነበረው ልጅ አሁን ታናሿ ሆኗል።

ያኔም ሐኪም ከጀርባው ውሃ ይቀዳ ብሎ ነበር። ቂርቆስ ሰፈር ግን ያኔ ሴቱ ሁሉ ሐኪም ነበር። ከጀርባው የተቀዳ ሰው ሽባ ይሆናል አሉ፤ የእነ እከሌ ልጅ ተቀድቶ በማግስቱ ሞተ አሉ። ሸዋዬም ልጄን አላስወጋም ብላ ደግፋው ከሆስፒታል ወጣች። ማዕረግ ሳምንት አልቆየም።

ከዚያ ወዲህ እናቷ የምትኖረው በአንዲት ቃል ነው። ሰው ሲጠይቃትም፣ ሳይጠይቃትም፣ ለብቻዋ ስትሆንም ትላታለች፦ «ባስወጋው ኖሮ በዚያ መርፌ ተሰቃይቶ ነበር የሚሞትብኝ። ከስቃዩ አዳንኩት።» ጦቢያ ይህን እየሰማች አደገች። መርፌውን ሳታየው ነው የፈራችው።

አዮዲኑ ጀርባዋን ያቀዘቅዘዋል። ማደንዘዣው ሲገባ ያቃጥላል። ከመስኮቱ ውጭ ወያላው «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!» እያለ ይጮኻል። ከዚያ አከርካሪዋን የሆነ ነገር ይጫናታል፤ አንድ እግሯን ይነዝራታል። ጥርሷን ነክሳ ዋናውን ሕመም ትጠብቃለች።

ዋናው አይመጣም።

«ጎበዝ፣ ውሃው እየወረደልን ነው። እንዳትነቃነቂ» ይላል ሐኪሙ።

ይኸው ነው? ጦቢያ ዓይኗን ትገልጣለች። ደስ አይልም፤ ግን ጥርስ መነቀል ከዚህ ይብሳል። ማዕረግ ይህን ይችለው ነበር። ኳስ ሲጫወት ክንዱ ተሰብሮ እየሳቀ ቤት የገባ ልጅ፣ ይህን! አንጀቷ እርር ይላል። ጉልበቷን ከእናቷ እጅ መንጭቃ፣ ምንም እኮ አይደለም፣ ምንም አልነበረም ልትላት ይቃጣታል።

ቀና ብላ ታያታለች። ሸዋዬ መርፌውን አታይም፤ የምታየው የልጇን ፊት ነው። ከንፈሯ ደርቋል።

«አመመሽ?» ትላለች በሹክሹክታ። «ጦቢዬ… ያማል አይደል?»

ከጀርባዋ መርፌው ሲወጣ ይሰማታል። ጥጥ ይጫንባታል፤ ፕላስተር ይለጠፍባታል። እናቷ አሁንም መልሷን ትጠብቃለች።

ያኔ ጦቢያ አፏን ከፍታ ትጮኻለች። ጩኸቱ ኮሪደሩን ያዳርሰዋል። «ወይኔ እማዬ! ወይኔ! አልቻልኩም!»

ዶክተር ኢዘዲን ብልቃጡን እንደያዘ ይደነግጣል። «ምነው? ጨርሰና…» ይልና ጎንበስ ብሎ ፊቷን ያያል። ዓይኗ በልመና ዓይኑ ላይ ተተክሏል። አንዴ እሷን፣ አንዴ እናቷን ያይና ቃሉን ይውጠዋል።

«አውቄ ነበር» ትላለች ሸዋዬ፤ በላይዋ ተደፍታ ግንባሯን እየሳመች። «አውቄ እኮ ነበር፣ ልጄን። እሱማ እንዴት ይችለው ነበር?» ጉልበቷን የያዘው እጅ ይላላል። ሸዋዬ ከሆዷ ትተነፍሳለች።

ጦቢያ በእናቷ ነጠላ ውስጥ ሆና ዓይኗን ትከድናለች። ማዕረግ በቢጫ ቲሸርቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። እሱ መርፌው ከጩኸቷ ቀድሞ መውጣቱን አይቷል።