ማንም የማይነካው ጠረጴዛ

«ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» የሚለውን ተረት እትዬን የሚያህል የያዘው ሰው የለም። እትዬ የሠዓሊው ታላቅ እህት ናት። ባሏ ሲሞትባት ወደ ወንድሟ ቤት ከገባች ሃያ ዓመት አልፏታል፤ ለወንድሟ ዘብ የቆመችውም ያኔ ነው።

እሷ ስትመጣ ማን ያውቀው ነበር? ዛፍ ይስላል፣ ዛፉ ዛፍ ነው። ሣር ይስላል፣ ሣሩም ሣር ነው። ሰው አይቶ «ደግ» ብሎ ያልፋል። እሱም በአንዲት ጠባብ ክፍል እርሳስ አያያዝ ሲያስተምር ይውላል።

እሷ በገባች በዓመቱ ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ ቀይ ሣርና አረንጓዴ ጉንጭ ይዞ ብቅ አለ! አንድ ጋዜጠኛ መጥቶ፣ «መምህር፣ ይህን ቀይ ሣር እንዴት አዩት?» ቢለው ዞሮ ሸራውን አየው።

«የተሰማኝን ነው የሳልኩት» አለ።

በቃ፣ ኢምፕሬሽኒስት ተባለ። «ብርሃንን በየሰዓቱ ሌላ አድርጎ የሚያይ ዓይን» ተባለለት፤ የአንዱ ሥዕል ቀለም በሌላው አይደገምም ነበርና። የሥዕል ትምህርት ቤቱም ትልቁን ክፍል ሰጠው። ለተማሪዎቹ የሚላቸው አንድ ነገር ነው፦ «ስለ ቅርጽ ጠይቁኝ። ቀለሙን ግን ልባችሁን ጠይቁ።»

ይኸው ሊቅ ገበያ ሲላክ ታዲያ ጥሬ ቲማቲም ሸክፎ ይመጣል። «የሠዓሊ ልብ መቼ መሬት ላይ ነው!» ትላለች እትዬ።

እሷ ፊደል አልቆጠረችም። ቤት ማሳመሩን ግን ማን ብሏት! ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ያለውን የሥዕል ክፍሉን ትወለውላለች። በመስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩትን የቀለም ቱቦዎች አንድ በአንድ ትጠርጋለች፤ ከዚያ ወፍራሙን ከወፍራም፣ የተሟጠጠውን ከተሟጠጠ አድርጋ እንደ ሚዜ ታሰልፋቸዋለች። «ያን ጠረጴዛ ከእኔ በቀር የሚነካ የለም» ትላለች፣ ጎረቤት ባገኘች ቁጥር።

ፖስተኛው እስኪመጣ ድረስ ነዋ!

ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ በስተርጅና ሥዕል ልማር ያለ። ይማር፣ ማን ከለከለው? ግን ቤት እየመጡ የሚማሩት ሌሎቹ ሲሄዱ እሱ ይቀራል። ከወንድሟ ጋር ይንሾካሾካል፤ እሷ ሻይ ይዛ ስትገባ ሁለቱም ጸጥ።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያንሾካሽካችሁ?»

«የሽማግሌ ወሬ ነው፣ እትዬ» ይላል ወንድሟ።

አልተዋጠላትም። የዕድሜ ልክ ሥራው የሚታይበት ኤግዚቢሽን ሊከፈት ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፤ የሁሉ አውራ የሚሆነው ትልቁ ሸራ ደግሞ ገና ባዶውን ቆሟል። ይህ ሰውዬ የወንድሜን የቀለም ምስጢር ሊሰርቅ ነው፣ ብላ ቆረጠች።

አንድ እሑድ በበሩ ስንጥቅ አጮልቃ አየችው። ፖስተኛው ከደረት ኪሱ ወረቀት አወጣ፤ አነበበ። አንዱን ቱቦ አንስቶ የተጨማለቀ ልጣፉን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገ፤ ሌላ ቦታ አኖረው። ደግሞ ወረቀቱን አየ፤ ደግሞ አነሳ።

እየሮጠች ወንድሟ ዘንድ ሄደች። «ያ ሰውዬ ጠረጴዛህን እያተራመሰው ነው!»

«ተይው እትዬ፣ እኔ ነኝ የፈቀድኩለት።»

«እንግዲያው ስምህንም አውልቀህ አልብሰው! ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲሉ አልሰማህም?»

ተቀየመች። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ሳትወለውል ቀረች።

በሦስተኛው ኤግዚቢሽኑ የሚታይበት ጋለሪ ባለቤት ሸራውን ሊያይ መጣ። እንግዳ ሲመጣ ኩርፊያ የለም፤ እትዬ መወልወያ ጨርቋን ይዛ ገባች፤ ፖስተኛውም እዚያው ጥግ ቆሟል። ሠዓሊው መሸፈኛውን ገለጠ።

ሣሩ አረንጓዴ። ግንዱ ቡናማ። የልጅቷ ጉንጭ እንደ ማንኛዋም ልጅ ጉንጭ።

የጋለሪው ባለቤት መነጽሩን አውልቆ መልሶ አደረገው። «መምህር… ይህ እኮ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ሥዕል ነው።»

«ምን ጎደለው? እንደ ሁልጊዜው ነው» አለ ሠዓሊው።

«ይህን ከሰቀልኩ ሰው ያለፈውንም ይጠራጠራል። ኤግዚቢሽኑ ይቆየን» ብሎት ወጣ።

እትዬ ዘላ የፖስተኛውን ኮሌታ ጨመደደች። «አንተ ሌባ! የሃያ ዓመት ስሙን በአንድ ቀን ቀበርከው! ያን ወረቀት አውጣ!»

ፖስተኛው ወደ ሠዓሊው ዞረ። ሠዓሊው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ አንብብላት ማለቱ ነው።

«ጽሑፉ የእርሳቸው ነው» አለ ፖስተኛው፣ ወረቀቱን እየዘረጋ። «‹ከመስኮቱ ጀምሮ፦ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ብርቱካንማ፣ ቀይ። ዓይኔ ከልጅነቴ አረንጓዴና ቀይ አይለይም፤ የማነሳው በተራ ቆጥሬ ነው። ሰው ቀይ ሣር የሚለው ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አንተ ደብዳቤ ስትለይ የኖርክ ሰው ነህና ተራውን አደራ ጠብቅልኝ፤ ለእትዬ እንዳትነግራት፣ ታዝንብኛለች።›»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ተዘበራርቀው ባገኛቸው ወደየአድራሻቸው መለስኳቸው፤ ምን አጠፋሁ? ይልቅ የሚያዘበራርቃቸውን ይፈልጉ፣ እትዬ!»

«ማን ያዘበራርቃቸዋል? ያን ጠረጴዛ ከእኔ በቀር…» አለችና፣ ጨርቁ ከእጇ ወደቀ።