የዓሣው ወራት ምዝገባ

«ያለ ድጋፍ መቆም ይችላሉ?»

«አሥር ሰዓት ሙሉ። ጀልባዎቹ ሞልተው የገቡ ቀን ደግሞ አሥራ ሁለት» ትላለች እናቴ፣ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ።

ከሳንታንደር ከተማ የመጣችው የመንግሥት ገምጋሚ፣ ማይቴ የምትባለው፣ ወረቀቷ ላይ ምልክት ታደርጋለች። እኔ የበሩን መቃን ተደግፌ ጥርሴን እነክሳለሁ። እናቴ ዛሬ ጠዋት ከአልጋዋ እስከ መጸዳጃ ቤት ያለውን ስድስት እርምጃ የሄደችው እኔ ላይ ተንጠልጥላ ነው። አሁን ዓይኗን በጨው አጥባ ትዋሻለች።

ይህችን ቀን ስምንት ወር ጠብቄያታለሁ። ያ ወረቀት እናቴን በአቅም ማጣት መለኪያው ሁለተኛ ደረጃ ላይ ካደረሳት፣ ኮረብታው ላይ ያለው የአረጋውያን መኖሪያ ይቀበላታል፤ አብዛኛውን ወጪም መንግሥት ይሸፍንላታል። አንደኛ ደረጃ ላይ ከቀረች ግን በሳምንት ጥቂት ሰዓት የምታግዝ ሴት ይልኩልናል፤ በቃ። ባለፈው ወር ጋዙን ከፍታ ረስታው፣ ጎረቤታችን ባትደርስላት ኖሮ ዛሬ አልነበረችም። እኔም ስልሳ አንድ ሞልቶኛል፤ ወገቤ እሷን ማንሳት እምቢ ካለ ሰነበተ።

«ልብስዎንስ ማን ያለብስዎታል?»

«ደግሞ ለመልበስ! ሽርጤን ራሴ አስራለሁ፣ ፀጉሬን ራሴ እሸፍናለሁ። እኔ የሞላሁት ጣሳ ውስጥ አንዲት ፀጉር ተገኝታ አታውቅም። የፈለጉትን ሰው ይጠይቁ።»

ጣሳ ስትል ነው የገባኝ። ድሮ፣ በየፀደዩ፣ አንቾቪ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ወራት ሲቃረብ፣ ዓሣውን በጣሳ የሚያሽገው ፋብሪካ አለቃ ሴትዮ ደብተሯን ይዛ ቤት ለቤት እየዞረች ሠራተኛ ትመዘግብ ነበር። «እችላለሁ» ያለች ትጻፋለች፣ ያመነታች ትቀራለች። ከወለደች አሥር ቀን ያልሞላት አራስ እንኳ ተነስታ «ደህና ነኝ» ትል ነበር። ለእናቴ ማይቴ ያቺ አለቃ ናት፤ ሥራው እንዳያመልጣት ነው እንዲህ የምትፍጨረጨረው።

ጀልባዎቹ ገብተው የፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ ሴቶቹ ምሳቸውን ጥለው፣ ሽርጣቸውን እያሰሩ ቁልቁል ወደ ወደቡ ይሮጡ ነበር። እናቴ ሁልጊዜ ከፊት ነበረች፤ ሳቋ ከጡሩምባው እኩል ይሰማል። እጇ በሎሚ ቢታሽም የጨውና የዘይት ሽታው አይለቅም ነበር። የትምህርት ቤት ጓደኞቼ በእናቶቻቸው እጅ ሲያፍሩ፣ እኔ የእናቴን መዳፍ ጉንጬ ሥር አድርጌ ነበር የምተኛው።

«ማይቴ፣ ይቅርታ፣ እናቴ እኮ—»

«አንቺ ደግሞ! ትልቅ ሰው ሲነጋገር ጥልቅ ማለት ከማን ተማርሽ?»

ማይቴ «ተያት» በሚል ዓይን ታየኛለች።

እናቴ የገምጋሚዋን እጅ ትይዛለች። «ቀዝቃዛ ነው። ጥሩ። ሙቅ እጅ ዓሣ ያበላሻል።» ከዚያ ባዶው ጠረጴዛ ላይ የሌለች ዓሣ ታነሳለች። ቆዳዋን አሽታ ትገፍፋለች፣ ለሁለት ትከፍላታለች፣ አጥንቷን በሁለት ጣት መዝዛ ታወጣለች። ሥጋዋን እንዳትቀደድ አድርጋ ታስተኛታለች፤ ወዲያው ሌላ ታነሳለች። ከዓመት ወዲህ አንዲት ቁልፍ መቆለፍ ያቃታቸው ጣቶች ቅንጣት አይንቀጠቀጡም። ኮራሁባት። ደረጃው ከእጄ እየወጣ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ደግሞ ተናደድኩባት።

«ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?» ማይቴ ቀስ ብላ ትጠይቃለች።

«ከልጄ ጋር። ከሶሌ ጋር።» እናቴ ወረቀቱን ታያለች። «ከአንድ ቤት አንድ ሰው ብቻ ነው እንዴ የምትጽፉት?»

ማይቴ ግራ ይገባታል። «አዎ… ዛሬ የመጣሁት ለአንድ ሰው ነው።»

እናቴ ቀጥ ያለው ጀርባዋ ይላላል። ማይቴን በእጇ ጠርታ ወደ ራሷ ታስጠጋታለች። መንሾካሾኳ ነው፤ ጆሮዋ ስለደከመ ግን ሹክሹክታዋ ጎረቤት ድረስ ይሰማል።

«እንግዲያው እሷን ይጻፉልኝ። እኔ ዋሽቼዎታለሁ። እግሬ አይዘኝም። ሌሊት አልጋዬን አረጥባለሁ፤ የት እንዳለሁም የሚጠፋኝ ጊዜ አለ። አንዲት ሴትዮ አለች፣ እሷ ናት የምታለብሰኝ። ማን እንደሆነች አላውቅም፤ ደግ ናት ብቻ። እኔን ስታነሳ ወገቧን ስትይዝ አያታለሁ፣ ታሳዝነኛለች።» ትንፋሿን ትሰበስባለች። «ልጄ ግን ቀልጣፋ ናት። ገና አሥራ አምስቷ ነው። ብቻ አደራዎን፣ ይህን ለእሷ እንዳይነግሩብኝ። እናቴ ደከመች ብላ ትጨነቃለች።»

ማይቴ ቀና ሳትል ትጽፋለች። ገጹን ትገለብጥና ጀርባው ላይ ትቀጥላለች። ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ሦስተኛም ሊሆን ይችላል። ስምንት ወር ሙሉ የለመንኩት ነገር ዓይኔ እያየ ይፈጸማል፤ እንባዬ ግን አልቆም ይለኛል።

«ሶሌ! ምን ያስለቅስሻል? ተጻፍሽ እኮ! ነይ ወዲህ።»

ሄጄ እግሯ ሥር እንበረከካለሁ።

«እስከ ፋብሪካው በር ድረስ እኔ እሸኝሻለሁ» ትለኛለች፣ እንባዬን በአውራ ጣቷ እየጠረገች። «ከዚያ ወዲያ ብቻሽን ነው የምትገቢው። ዞረሽ እንዳታዪኝ፣ እሺ?»

«እሺ፣ እማዬ።»