አሥራ አምስት ቁጥር ኮሌታ

ሙሀመድአሚን ስሙን አሳጥረው ሲጠሩት አይወድም። «አሚን» ያለውን ሁሉ ይኮሳተርበታል፤ «ጋሽ ሙሀመድአሚን» ሲሉት ብቻ ፊቱ ይፈታል። ከደሴ ተዛውሮ ከሚሴ በአንድ የመድን ቢሮ ከተቀመጠ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ከሰላምታ ያለፈ ኦሮምኛ ግን አልለመደም። «ምን ያደርግልኛል? ውሉ የሚጻፈው በአማርኛ ነው» ይላል። ሚስቱ ዓፊያ የጨፋ ሮቢት ልጅ ናት። በቋንቋዋ ስታንጎራጉር «ወፎቹን አባረርሻቸው» ይላታል። ቀልድ መሆኑ ነው።

ዓፊያን በንዴት ሁለት ጊዜ ፈትቷት ሁለት ጊዜ በሽማግሌ መልሷታል። አንደኛው ፍቺ በቀዘቀዘ ወጥ ምክንያት ነበር። «ሦስተኛው ላይ ቀልድ የለም፤ መመለሻም የለው» ብለው ሸህ ሙህዲን ደጋግመው አስጠንቅቀውታል። ከዚያ ወዲህ ዓፊያ ቃሏን እየመጠነች ትኖራለች። እሱ አፉን የሚመጥንበት ምክንያት አልታየውም።

የቢሮ ሸሚዝ የምትገዛለት እሷ ናት። እሱ ቢገዛ የሚያብለጨልጨውን ያነሳና በሁለተኛው እጥበት የወጥ ቤት ጨርቅ ይሆናል። ዓፊያ የፈረንጅ አገር ሰው ለብሶ ከጣለው ከሰልባጁ ክምር ትመርጣለች። ኮሌታውን ገልብጣ እጥፋቱን በጥፍሯ ትፍቃለች፤ ብብቱን ወደ ፀሐይ አድርጋ ታያለች፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ትጎትታለች። እሷ የመረጠችው ሸሚዝ ዓመት ይለበሳል። ባሏ ያንኑ ለብሶ ቢሮ ይገባና «ከዱባይ ያስመጣሁት ነው» ይላል። ምስጋናዋ ይኸው ነው።

በሚሊኒየሙ ሰሞን ደግሞ ምስጋናው ወደ እርግማን ዞረ። «ይሄ ሰልባጅሽ በታጠበ ቁጥር ይሰፋል! ክራባት ሳስር አንገቴ ላይ እንደ ጆንያ ይጨማደዳል።» ቀበቶውንም ረገመ፤ የዛሬ ቆዳ ይለጠጣል አለ። የሰዓቱን ማሰሪያ ረገመ። ከሚሴን ራሷን ረገማት፤ በሙቀቷ የተነሳ የውሃ ጠርሙስ ከእጁ አልለይ አለ።

«ሐኪም ቤት ብንሄድ…» አለች ዓፊያ አንድ ቀን።

«ሐኪም ሸሚዝ ያጠባል?» አላት። ሁለተኛ አላነሳችም።

አንድ ጠዋት ካልሲ አጥቶ የእሷን የልብስ ሳጥን ከፈተ። ከሥር በሻሽ የተጠቀለሉ ሁለት የወንድ ሸሚዞች አገኘ። ታጥበዋል፣ ተተኩሰዋል። ኮሌታቸው ላይ አሥራ አምስት ቁጥር ተጽፏል። እሱ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ አሥራ ሰባት ነው፤ በአንገቱ ውፍረት ይኮራ የነበረ ሰው ነው።

ሌላው ቢሆን ይጠይቃል። ሙሀመድአሚን ግን መጠየቅ ውርደት ይመስለዋል። ሸሚዞቹን እንደነበሩ መለሰና በገበያው ቀን ሥራውን ጥሎ ተከተላት። ከሰልባጅ ተራው ጀርባ አንድ የቆመ ባጃጅ ተገን አድርጎ አጎነበሰ። ተደብቄያለሁ ባይ ነው፤ ቀይ ክራባቱን ገበያተኛው ሁሉ ያየዋል።

«አካም ጂርታ?» አለች ሻጯ አስያ።

«አልሐምዱሊላህ። ያንኑ አሥራ አምስቱን ፈልጊልኝ። ነጭ ቢሆን ደስ ይለዋል።»

«ለማን ነው እሱ? ያንቺ ሰውዬ ወፍራም አይደል እንዴ?»

ዓፊያ ግራ ቀኟን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሁቀቴ» አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ሁቀቴ፣ አስያ!»

አስያ ደረቷን ደቃች። «አብሽሪ እህቴ። ከእኔ አይወጣም።»

በቃ፤ የውሽማው ስም ተገኘ። ስሙን ስትጠራ ማልቀሷ ነበር ይበልጥ ያንገበገበው። ለእሱ እንዲያ አልቅሳ አታውቅም፤ ወይም አልቅሳ ከሆነ እሱ አላየም። ወደ ባጃጁ ሹፌር ጎንበስ አለ።

«ስማ እስቲ። ሁቀቴ… እዚህ አገር ይታወቃል?»

ሹፌሩ ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ይታወቃል ጋሼ፣ እንዴት አይታወቅም!» አለ በኀዘኔታ። «አላህ ዓፊያ ያድርግዎ።»

የሚስቱን ስም ከባጃጅ ነጂ አፍ ሲሰማ ደሙ ፈላ። ለካ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው! በጤና የመረቀውን ሰው ሳይሰናበተው ሄደ።

ከዐስር ሶላት በኋላ ዓፊያን እየገፈተረ ሸህ ሙህዲን ቤት ገባ። ሁለቱን ሸሚዞች በሽማግሌው ፊት ምንጣፉ ላይ ወረወራቸው።

«ይኸውልዎት! ውሽማዋን በአንገቱ ልክ ታለብሳለች!»

«ልጄ፣ ተቀመጥ መጀመሪያ» አሉ ሸኹ።

«አልቀመጥም።»

«ላስረዳህ» አለች ዓፊያ። «እንዳይከፋህ ብዬ ነው የደበቅኩት። ወላሂ፣ ላስረዳህ።»

«ፈትቸሻለሁ!» አለ።

ቃሉ ወጣ። ሸህ ሙህዲን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዓፊያ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች፤ አላለቀሰችም። ሙሀመድአሚን ሱሪውን ሽቅብ ሳበና እንዳሸነፈ ሰው ቆመ። የቀረበለትን ውሃ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠና ድገሙኝ አለ።

«ለመሆኑ ሰውየው ማነው?» አሉ ሸኹ ቆይተው።

«ሁቀቴ ይባላል። በራሷ አፍ ስትጠራው ሰምቻለሁ። ሹፌሩም ያውቀዋል።»

ሸኹ ቀና ብለው አንገቱን አዩት።

«ልጄ፣ ሁቀቴ በእኛ ቋንቋ ‹ከሳ› ማለት ነው።»