የፈተናው ፎጣ

ፎጣው ስምንተኛው ልጅ ጋ ሲደርስ ነጭነቱ ቀርቶ ነበር። ዘይባ ከተሰለፉት ሠልጣኞች ዘጠነኛዋ ናት፤ ዓይኗን ከፎጣው ላይ ማንሳት አቅቷት ከልጅ ወደ ልጅ ሲያልፍ ስትከተለው ቆየች። ከፊቷ ያለችው ብርሃኔ የከማሉን ፊት በሳሙና አጥባ ስታበቃ ያንኑ ፎጣ አነሳች። ከማሉ የአራት ዓመት ልጅ ነው። ሁለቱም ዓይኖቹ ቀልተው አብጠዋል፤ ቢጫ ዓይናር ሽፋሽፍቱ ላይ ተጋግሯል። ብርሃኔ ጠረግ ስታደርገው ዓይናሩ ተጎትቶ ፎጣው ላይ ቀረ። ፈተናውን ለማየት የተጋበዙት እንግዶች አጨበጨቡ።

የዘይባ ምራቅ መረረ።

ጊዜው ሰኔ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሁለት ነው፤ ቡታጅራ ውስጥ የሕፃናት ሞግዚቶች ኮርስ የሚዘጋበት ቀን። ከአዲስ አበባ የመጣችው አስተማሪ ወይዘሮ መንበረ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ገና በመጀመሪያው ቀን «አንድ ልጅ፣ አንድ ፎጣ» ብላ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጽፋ፣ አሥራ ሁለቱንም ሠልጣኞች አስገልብጣቸው ነበር። ማስገልበጥ ብቻም አይደለም። አሥራ ሁለት አዳዲስ ነጭ ፎጣዎች አከፋፍላ በእያንዳንዱ ላይ የአንድ ልጅ ስም በቀይ ክር አስጠልፋለች። ዘይባ የተመደበችላትን ልጅ ስም፣ «አሚኔ» የሚለውን፣ ጠልፋ እስክትጨርስ ጣቷን ስንት ጊዜ ወግታለች። እነዚያ ፎጣዎች አሁን በካውያ ተተኩሰው ግድግዳው ላይ በገመድ ተሰቅለዋል። ፈተናው ሲያበቃ ፎቶግራፍ ስለሚነሱ ማንም እንዳይነካቸው ተብሏል። ልጆቹ ሁሉ የሚጠረጉት ከወይዘሮ መንበረ ሻንጣ በወጣው በዚህ በአንዱ ነው።

«እትዬ» አለች ዘይባ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ ወይዘሮ መንበረ የስም መዝገቡን ይዛ አጠገቧ ቆማለች። «የአሚኔን ፎጣ ላውርድላት?»

«አብደሻል? ለፎቶ የተተኮሰውን?»

«የከማሉ ዓይን ማዝ ይዞታል። ወላሂ ይተላለፋል። እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ ያስተማሩን?»

«ያስተማርኩትንማ አውቃለሁ» አለች ወይዘሮ መንበረ ዓይኗን በጨው ታጥባ፤ ለእንግዶቹ የምታሳየውን ፈገግታ እንኳ አላቋረጠችም። «ዛሬ ፈተና ነው እንጂ ትምህርት አይደለም። ነጥብ ልቀንስብሽ? የሚቀጠሩት አራት ብቻ እንደሆኑ ታውቂያለሽ።»

ዘይባ መች አጣችው። በመስከረም በሚከፈተው የሕፃናት መዋያ ከአሥራ ሁለቱ አራቱ ይቀጠራሉ፤ የቀሩት ወደየመጡበት ይመለሳሉ። እሷ የመጣችው ከእንሴኖ ነው። እዚያ ማዝ ዓይኗን ያጠፋባት እናቷ አለች፤ ከዘይባ በቀር ሠርቶ የሚያበላት ሰው የላትም። የእናቷ የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍቷ ዓይኗን ሲፍቃት፣ ፀጉሩን አንድ በአንድ በወረንጦ የምትነቅልላት ዘይባ ነበረች። ያኔ ዕድሜዋ ዘጠኝ ዓመት ቢሆን ነው።

«ዘይባ!» ተብሎ ተጠራ።

አሚኔ እየዘለለች መጣችና ሳፋው ላይ አጎነበሰች። ዓይኖቿ የጠሩ ናቸው። ሳፋው ውስጥ ያለው ውሃ ጠቁሮ ንፍጥና አረፋ ስለተንሳፈፈበት ዘይባ ደፋችውና በጆጉ ከቀረው ንጹሕ ውሃ እያፈሰሰች አጠበቻት። ይህን ማንም አልከለከላትም።

ከዚያ ፎጣውን አነሳች። እርጥብ ነው፤ ለብ ብሏል፤ መጥፎ ጠረን አለው። ንጹሕ ጥግ ብታገኝ ብላ ገለበጠችው፣ ጫፍና ጫፉን ያዘችው፤ አላገኘችም። ፎጣውን ተጸየፈች፤ የወይዘሮ መንበረን ፈገግታ ተጸየፈች፤ አፍንጫቸው ሥር የሚሆነውን ሳያዩ የሚያጨበጭቡትን እንግዶች ከነክራቫታቸው ተጸየፈች። ጨርቁን ወርውራ ወጥታ ብትሄድ ደስታዋ ነበር። እጇ ግን ፎጣውን አልለቅ አለ።

ድንገት ዘዴ መጣላት። የልጅቷን ግንባር ጠረገች፤ ከግንባሯ ወደ ጉንጮቿ ዘለለች፤ አገጯን፣ አንገቷን፣ ጆሮዎቿን ሳይቀር አሳምራ ጠረገች። ዓይኖቿን አልነካቻቸውም። ከእንግዶቹ መካከል የተቀመጡት የአገረ ገዥው ባለቤት ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ፤ የወይዘሮ መንበረ እርሳስም ወደ መዝገቡ ወረደ። ዘይባ በሆዷ እፎይ አለች። ሥራውንም አገኘሁ፣ ልጅቷንም አተረፍኩ ብላ አሰበች።

አሚኔ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ግንባር፣ ዓይን፣ ጉንጭ፣ አገጭ የሚለውን ቅደም ተከተል ሦስት ሳምንት ሲለማመዱ ከልጆቹ ሁሉ ቀድማ የያዘችው እሷ ናት። ውሃው ከሽፋሽፍቷ እየተንጠባጠበ ቀና ብላ አየቻት።

«እትዬ ዘይባ፣ ዓይኔን እኮ ረሳሽው!»

እንግዶቹ በሳቅ ፈነዱ። «ውይ፣ የኔ ብልህ!» አሉ የገዥው ባለቤት ደረታቸውን ይዘው። ወይዘሮ መንበረም አብራ ሳቀች፤ እርሳሷ ግን የዘይባ ስም አጠገብ ሲደርስ ቆመ።

አሚኔ ዓይኖቿን ጨፍና ፊቷን ሰጠቻት።

ዘይባ ጠረገችላት፤ መጀመሪያ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን።